ከሱባ ደን እስከ ወጨጫ ጫፍ፦ እናቴን ይዤ የት ድረስ መውጣት እችላለሁ?

የሽሮሜዳው | ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ።

እህቴ ከዋሽንግተን ለሦስት ሳምንት መጥታለች። ስድስት ዓመት ሆኗታል ካየናት። ካፌና ሬስቶራንት ሰልችቷታል፤ «ዛፍ ያለበት ቦታ ውሰደኝ፣ ከላይ ሆኜ አገር ልይ» ትላለች። እኔ ደግሞ መናገሻ ሱባ ደንን አስቤአለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ከጓደኞቼ ጋር እስከ ወጨጫ ተራራ ጫፍ ወጥቼ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነበር የሄድነው። ጫፉ ላይ ስንደርስ ጉም ብቻ ነበር፤ እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን ለማየት ትንሽ ነው የቀረኝ። ስለዚህ ከዚያ ላይ ምን እንደሚታይ እስካሁን አላውቅም።

አሁን ጥያቄዬ ሌላ ነው። እናቴ ስትሰማን «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለች። 67 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ግን ያደገችው ደብረ ሲና በኩል ነው፤ ዳገት ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም። እቤት ትቻት መሄድ አልፈልግም። አስገድጄ ላደክማትም አልፈልግም።

የት ድረስ መውጣት ይቻላል? በስንት ሰዓት ብንነሳ ይሻላል? ጫፍ ሳይደርሱ ጥሩ እይታ ያለው ቦታ አለ? የምታውቁ ንገሩኝ።

---

ቤቲ_በእግር | ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 3፡02

እንጦጦ ፓርክ ውሰዳቸው። መንገዱ የተነጠፈ ነው፣ መቀመጫ አለ፣ መጸዳጃ አለ፣ ከተማው ከእግርህ ስር ይታያል። ለእናት ከዚያ የተሻለ የለም።

---

ከሰበታ_ማዶ | ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 4፡20

ወንድሜ፣ እኔ የዚያው አካባቢ ልጅ ነኝ። ልጅ ሆኜ ከብት የጠበቅኩት በወጨጫ ግርጌ ነው። እናትህን ይዘህ ና፣ ምንም ችግር የለውም። ግን ጫፉን እርሳው። ለእሳቸው ማለቴ ነው።

ከሰበታ ወደ ደኑ የሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ነው። በክረምት ትንሽ መኪና ይይዛል። አሁን ጥቅምት ስለሆነ ደርቋል፣ ቀስ ብለህ ትገባለህ። ደኑ ቢሮ ጋ ደርሳችሁ ተመዝገቡ፣ ስካውት ያዙ። ያለ ሰው አትግቡ። ዱካው ብዙ ቦታ ይከፈላል፤ የከብት መንገድና የሰው መንገድ ይመሳሰላል። እኔ ራሴ ጉም ከወረደ መንገድ ይጠፋብኛል።

ለእናትህ የሚሆነው ታችኛው ደን ነው። ትልልቆቹ ጥዶች ያሉት እዚያ ነው። መንገዱ ብዙ ዳገት የለውም፣ ጥላ ነው፣ ምንጭም አለ። እኛ ጥድን ጋቲራ እንለዋለን፣ ዝግባን ቢርቢርሳ፣ ወይራን ኤጄርሳ፣ ኮሶን ሄቶ። አራቱንም በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ታገኛቸዋለህ።

እህትህና አንተ ወደ ላይ መውጣት ከፈለጋችሁ ደግሞ ደኑ አልቆ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ የሚጀምርበት ቦታ አለ። ዛፉ ያጥርና ሰማዩ ይከፈታል። እይታ የምትለው እዚያ ይጀምራል። ጫፍ ባትደርስም ይበቃሃል።

---

የሽሮሜዳው | ጥቅምት 4፣ ከጠዋቱ 1፡10

@ከሰበታ_ማዶ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። እኔ ያኔ በአስታው ውስጥ ሳልፍ ምንም ሳላይ ነው ያለፍኩት። አንገቴን ደፍቼ ጫፍ ጫፍ ስል ነበር።

@ቤቲ_በእግር እንጦጦን እናቴ በየዓመቱ ትሄዳለች፣ ለማርያም። ለእሷ አዲስ አይሆንባትም። አመሰግናለሁ ግን።

---

ጡረተኛው_ደንኛ | ጥቅምት 4፣ ከጠዋቱ 4፡45

ልጆቼ፣ በደን ሥራ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስለ ሱባ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ወጨጫ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው። ጫፉ 3,385 ሜትር ነው። ደኑ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ጎኑ ላይ ተኝቷል። ከታች በ2,200 ሜትር አካባቢ ይጀምራል፤ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ነው። ከፍ ስትሉ ኮሶ ይመጣል። ከዚያ አስታ። ስለዚህ በአንድ ቀን ጉዞ ሦስት አራት ዓይነት ደን ታያላችሁ ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ዳገቱን ብቻ ቆጥሮ ይመለሳል። ያሳዝነኛል።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ ደን ዝም ብሎ የበቀለ ብቻ አይደለም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት፣ ተራራው ተራቁቶ አይተው የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉበት ይነገራል። ዘሩ የመጣው ከየት ነው? ከወፍ ዋሻ። አንኮበርና ደብረ ሲና አጠገብ ካለው ደን። በአፍሪካ በሰው እጅ ሲጠበቁ ከኖሩ ደኖች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ሱባ ነው። ኋላም አፄ ምኒልክ የመንግሥት ደን አድርገው አስጠብቀውታል። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው።

እናትህ የደብረ ሲና ሰው ናቸው ብለሃል። እንግዲህ ለእሳቸው ይህን ንገራቸው። ዛፎቹ የአገራቸው ልጆች ናቸው።

ጥድን እንዴት እንደምታዩ ደግሞ ልንገራችሁ። ወንድና ሴት አለው። ዛፉ በሙሉ ወንድ ነው ወይ ሴት ነው። ሴቷን በፍሬዋ ታውቋታላችሁ፤ ትንንሽ፣ ክብ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር። በእጃችሁ ስትጨፈልቁት ሽታው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያላችሁ ያስመስላል። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጥድ እንጨት ምስጥ ስለማይደፍረው የስንቱ ደብር ምሰሶና ጣሪያ የቆመው በእሱ ነው። ኮሶም እንዲሁ ወንድና ሴት አለው። አያቶቻችን ለመድኃኒት የሚቆርጡት የሴቷን ቀይ አበባ ነበር።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የወደቀ ፍሬም ቢሆን ይዛችሁ አትውጡ። ጥድ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ችግኙ ብርሃን ካላገኘ አይነሳም። ከሚወድቀው ስንት ሺህ ፍሬ ለዛፍነት የሚበቃው ጥቂት ነው።

---

ሄለን_ዳገት | ጥቅምት 4፣ ከቀኑ 7፡30

ጋሼ፣ ለአምስት ዓመት እየተመላለስኩ ጥድ ወንድና ሴት እንዳለው አላውቅም ነበር። ዕድሜ ይስጥዎት።

ለጠያቂው አንድ ነገር ልጨምር። ዓምና በአንድ የጉዞ አዘጋጅ ቡድን ወጥተን ነበር፣ ስሙን አልጠራም። ከአዲስ አበባ የተነሳነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው። ጫፍ ላይ ስንደርስ 9 ሰዓት ተኩል። ሲመሽ ገና ደኑ መሃል ነበርን። ለ28 ሰው ሦስት ባትሪ ብቻ ነበር የነበረን። አንዲት ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት ተሸክመን ነው የወረድነው። ያን ቀን ስንት ጊዜ ስሙን እንደጠራሁ እግዚአብሔር ያውቃል።

ስለዚህ የእኔ ደንብ ይህ ነው። ከቤት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ውጡ። 6 ሰዓት ሲሆን የትም ሁኑ የት፣ ፊታችሁን አዙሩ። ጫፉ 200 ሜትር ቢቀረውም አዙሩ። ከታች እስከ ላይ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ዳገት ነው። መውጣቱ ያደክማል እንጂ ጉልበት የሚጎዳው መውረዱ ነው።

ለእናትህ ከዘራ ያዝላቸው። ሁለት ብታደርገው ደግሞ ይሻላል። ጫማቸው ከኋላ የሚይዝ ይሁን። ጋቢ አትርሳ፤ ደኑ ውስጥ ሲቀመጡ ይበርዳል። ስንቅ እኛ በሶ ነው የምንይዘው። በውኃ በጥብጠህ ትጠጣለህ፣ አይከብድም፣ ጉልበት ይሰጣል።

---

ነርስ_ሜሮን | ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 1፡05

ስለ ከፍታው ማንም አላነሳም። እህትህ ከመጣች ስንት ቀን ሆናት? ዋሽንግተን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። 3,300 ሜትር ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ትንፋሽ ማጠር ሊመጣ ይችላል። የስፖርት ሰው መሆን ከዚህ አያድንም።

ቢያንስ ሦስት አራት ቀን አዲስ አበባ ትረፍ። ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት መጠጥ ይቅር። መንገድ ላይ ራሷን ካመማት «ትንሽ ይቀራል» አትበላት፣ አውርዳት። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

እናትህ የጠዋት መድኃኒታቸውን ሳይውጡ እንዳይወጡ። ለሐኪማቸው ደግሞ ቀድመህ ንገር። አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ሽንት ያበዛል፤ ውኃ በደንብ መጠጣት አለባቸው። ብዙ እናቶች መንገድ ላይ መጸዳጃ የለም ብለው ሆነ ብለው ውኃ ይቀንሳሉ። ይህን በግልጽ አነጋግራቸው፣ ወይም እህትህ ታነጋግራቸው።

---

ዮኒ_ካዛንቺስ | ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 2፡40

እኔ አሁንም ከቤቲ ጋር ነኝ። እንጦጦ ቅርብ ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ደንም ነው። ታሪክም ከተባለ አፄ ምኒልክ ከተማቸውን ከአንኮበር አንስተው የመጡት እንጦጦ ነው፣ በ1889 እ.ኤ.አ. የነገሡትም እዚያው እንጦጦ ማርያም። ለምን ያን ያህል ይደከማል?

---

ጡረተኛው_ደንኛ | ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 2፡20

@ዮኒ_ካዛንቺስ ልጄ፣ እንጦጦን እወዳለሁ፣ አልነቅፍም። ግን የምታየው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የገባው በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ልትፈታ በደረሰች ጊዜ። ከተማዋን አድኗል፣ ውለታው አይካድም። ሆኖም ባሕር ዛፍ ስር ስትቆም መሬቱን እይ። ቅጠልና አፈር ነው። ሱባ ውስጥ ጥድ ስር ቁም፤ ሳር፣ ሐረግ፣ ፈርን፣ ችግኝ፣ ነፍሳት። ከላይ ደግሞ የዛፍ ሽበት እንደ ሽማግሌ ጢም ይንጠለጠላል። እንጦጦ ላይ አገር በቀል ዛፍ መመለስ መጀመሩ መልካም ነው፤ ግን ጥድ ጥድ እስኪሆን የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም።

---

ወፍ_ጠባቂ | ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 3፡00

ከጋሼ ጋር እስማማለሁ። ለእኔ ልዩነቱ በጆሮ ነው የሚታወቀው። ሱባ ሲነጋ ጋጋኖ ሲጮህ ደኑ በሙሉ ይነቃል። ጉሬዛ ደግሞ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ነጩ ጭራው ከኋላው እንደ ነጠላ ጥለት ይከተለዋል።

እናትህ ቁጭ ብለው ሲያርፉ ወደ ላይ ይመልከቱ። አረንጓዴ፣ ጉንጯ ነጭ፣ ጭራዋ ረጅም የሆነ ወፍ አለች። ቅርንጫፍ ላይ ስትሮጥ አትታወቅም። ስትበር ግን ክንፏ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ያ ቀለም መዳብ አለበት፤ በወፎች ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው። ዕድለኛ ከሆናችሁ የምኒልክ ድኩላም ታያላችሁ፣ ያን ጥቁሩን። ድምፅ አታሰሙ፣ ስፒከር ይዛችሁ አትሂዱ።

---

የሽሮሜዳው | ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁላችሁንም አንብቤ ለእናቴም አነበብኩላት። ሜሮን፣ ስለ ውኃው ያልሽው እውነት ነበር። «አዎ እንደዚያ ላደርግ ነበር» አለች። እህቴ ከመጣች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ቅዳሜ እንሄዳለን። የዘርዓ ያዕቆብን ታሪክ ግን አልነገርኳትም፤ ዛፉ ስር ስንደርስ እነግራታለሁ።

---

የሽሮሜዳው | ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 3፡30

ተመልሰናል። እንዳልጽፍ ደክሞኝ ነበር፣ ግን እናንተ ያላችሁትን ሁሉ ሰምቼ ሄጄ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሽሮሜዳ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። የአክስቴ ልጅ መኪናውን ነዳልን። ሰበታን አልፈን ደኑ ውስጥ ስንገባ እናቴ መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው። በረደን፣ ማንም ግን ዝጊው አላላትም። ቢሮው ጋ ተመዝግበን ሁለት ስካውት ያዝን፤ አንዱ ከእናቴና ከአክስቴ ልጅ ጋር በታችኛው መንገድ፣ አንዱ ከእኛ ጋር። መጀመሪያ ግን አንድ ሰዓት ያህል ሁላችንም አብረን ሄድን።

አንድ ጥድ አለ። ለሦስት ሆነን ልናቅፈው ሞከርን፣ አልደረስንም። እዚያ ስር ጋቢዋን አንጥፈን አስቀመጥናትና ታሪኩን ነገርኳት። ንጉሡ፣ ዘሩ፣ ወፍ ዋሻ። ደስ ይላታል፣ ትስቃለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ማን ተሸክሞት መጣ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «በቅሎ ነው እንጂ» አለች። ከወፍ ዋሻ ተነስቶ የት ያድራል፣ ዝናብ ቢመታው ዘሩ ይበላሻል፣ በቆዳ ስልቻ ይሆናል የያዙት፣ እያለች እሷ መንገዱን ስታሰላ እኔና እህቴ እንሰማለን። የንጉሡን ስም አንድም ጊዜ አላነሳችም። ስለ ተሸካሚው ብቻ ነበር የምታወራው።

ፍሬ ከመሬት አንስታ ጨፈለቀችና አሸተተች። አንዱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ልትቋጥር ስትል ጋሼ ያሉትን ነገርኳት። መልሳ ካነሳችበት ቦታ አስቀመጠችው። በእግሯ አፈር ገፋ አድርጋበት።

ከዚያ ተለያየን። እኔና እህቴ ወደ ላይ ወጣን። ኮሶው ጋ ስንደርስ እህቴ ትንፋሽ አጠራት፤ በየሃያ እርምጃው እየቆምን ሄድን። ራሷን ግን አላመማትም። አስታው ጋ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ከሰበታ ማዶ ያልከው ነው፤ ሰማዩ ተከፈተ። በስተደቡብ የበቾ ሜዳ ጤፉ ቢጫ ሆኖ፣ መሃል መሃሉን አረንጓዴ። ከሜዳው ማዶ ዝቋላ ብቻውን ቆሞ። እህቴ ዝቋላን አይታ አታውቅም ነበር። አባታችን በሕይወት እያለ በየዓመቱ ጥቅምት 5 ለአቡዬ በእግሩ ይወጣ ነበር። «ያ ነው?» አለችኝ። ያ ነው አልኳት።

ለሃያ ደቂቃ ያህል አየነው። ከዚያ ጉሙ ከምዕራብ መጣ፣ በፍጥነት። ስካውቱ ጫፉ አንድ ሰዓት ይቀረዋል አለን። ሄለን፣ ያልሽውን አስታወስኩ። 6 ሰዓት ገና አልሞላም ነበር፣ ግን አዞርን። ስንወርድ ጠጠር የመሰለ በረዶ አገኘን። ጫፉ ላይ ብንሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን ሳስብ ይዘገንነኛል።

እናቴ ታች ቁጭ ብላ ጉሬዛ ትቆጥራለች። አሥራ አንድ ደርሳለች። ቀይ ክንፍ ያላትንም አይታለች። ስካውቱን ስለ ልጆቹ ጠይቃ ጨርሳ፣ የሁሉንም ስም ይዛለች።

---

ሄለን_ዳገት | ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 3፡55

ስላዞራችሁ ደስ ብሎኛል።

---

ከሰበታ_ማዶ | ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4፡10

ያቺን ጥድ የማውቃት ይመስለኛል። ከስሯ ድንጋይ አለ፣ መቀመጫ የመሰለ? እኛ ከብት ስንጠብቅ ዝናብ የምንጠለለው እዚያ ነበር። ለጫፉ ኅዳር አጋማሽ ላይ ና፣ አብሬህ እወጣለሁ። ያን ጊዜ ብርዱ ይከፋል እንጂ ጠዋት ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከየካቲት በኋላ ግን አቧራና ጭስ ስለሚነሳ ዝቋላን አታየውም።

---

ጡረተኛው_ደንኛ | ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1፡30

እናትህ የጠየቁትን ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። የጥድ ዘር ቆዳው ወፍራም ነው፣ በደረቅ ከተያዘ መንገድ ይችላል። ስልቻ ያሉት ልክ ይመስለኛል። ሰላምታዬን አድርስልኝ።

---

የሽሮሜዳው | ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡00

ጋሼ፣ አደረስኩልዎት። አሁን ደግሞ «ወፍ ዋሻ ውሰደኝ፣ እናትየዋን ደን ልይ» እያለች ነው። ልጅ ሆና እንጨት ለቀማ ትሄድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልገባችበትም።

@ከሰበታ_ማዶ አዎ፣ ድንጋይ አለ። እናቴን ያስቀመጥናት እሱ ላይ ነው። ለኅዳር ቃል ገብተሃል።

---

ወፍ_ጠባቂ | ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡25

ወፍ ዋሻ ከሱባ ይልቅ ገደላም ነው። ደኑ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ተነስቶ ወደ ቆላው ይንደረደራል፤ ላይኛው ጫፍ ላይ ጭላዳ አለ፣ ማዶው እስከ አፋር ይታያል። የአንኮበር ዘፈን ወፍ የሚኖረው በዚያ ገደል ላይ ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ለእናትህ ዳገት የማይበዛበትን መግቢያ እዚያው ያሉ ሰዎች ያሳዩሃል። ከመነሳትህ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ ደብረ ብርሃን ላለ ሰው ደውለህ ጠይቅ፣ በዚያው ጠዋት።

---

የሽሮሜዳው | ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡40

ደብረ ብርሃን አጎቴ አለ። አሁኑኑ እደውላለሁ።